ዲስኩ ላይ እየተፈለጠ ያስቸገረው አረንጓዴ ድንጋይ

ጥያቄውን የላኩልኝ የከበሩ ድንጋዮችን መቁረጥ ከጀመሩ አንድ ዓመት ያልሞላቸው አንባቢ ናቸው። በጉጂ ዞን ካለችው ከሻኪሶ የመጣ ኤመራልድ ነው ተብለው ሦስት ጥሬ አረንጓዴ ድንጋዮች ገዝተው ሁለቱን ያለ ችግር ለቀለበት ፈርጥ አድርሰዋል። ሦስተኛው ግን የመሞረጃው ዲስክ በነካው ቁጥር ጠፍጣፋና የሚያብረቀርቅ ስባሪ እየጣለ ከ9.45 ግራም ወደ 6.30 ግራም ወርዷል። ዲስክ ቀይረዋል፣ የማሽኑን ፍጥነት ቀንሰዋል፣ ድንጋዩ መስታወት እንደሚጭርም ሞክረው አይተዋል። በመጨረሻም «ጥፋቱ የእጄ ነው፣ የማሽኑ ነው ወይስ የድንጋዩ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

እጅዎም ማሽኑም ጥፋት የለባቸውም። ድንጋዩም ቢሆን ጠባዩን ነው ያሳየዎት፤ የተሳሳተው ስሙ ይመስለኛል። በላኩልኝ ፎቶግራፍ ላይ ሁለት ለስላሳ ገጾች ወደ ቀጥተኛ ማዕዘን በተጠጋ ሁኔታ ሲገናኙ ይታያል፤ ኤመራልድ ደግሞ እንዲህ አይፈለጥም። ኤመራልድ ሲሰበር ስባሪው እንደ ጠርሙስ ስባሪ ጎርበጥ ያለና ወጣ ገባ ይሆናል እንጂ በመላጫ እንደተላጠ ጠፍጣፋ አይወጣም።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ድንጋዩ ውስጣዊ አሠራር መግባት ያስፈልጋል። በእጃችን የሚያልፉት አብዛኞቹ ድንጋዮች ሲሊኬት የሚባለው ትልቅ ቤተሰብ አባላት ሲሆኑ፣ የሁሉም ጡብ አንድ ነው፤ በመካከል አንድ ሲሊከን፣ በዙሪያው አራት ኦክስጅን። በሲሊከንና በኦክስጅን መካከል ያለው ትስስር እጅግ ጠንካራ ስለሆነ፣ ድንጋይ ሲፈለጥ ይህን ትስስር ሸሽቶ ደካማው መገጣጠሚያ ባለበት በኩል ይሄዳል። ባሕር ዛፍ በቃጫው አቅጣጫ በአንድ ምት ተሰንጥቆ በአግድም ግን መጥረቢያ እንደሚያስቸግር ማለት ነው። ስለዚህ ጡቦቹ የተደረደሩበትን መንገድ ያወቀ ቆራጭ ድንጋዩ የት እንደሚከዳው አስቀድሞ ያውቃል።

በጋርኔትና በፔሪዶት ውስጥ ጡቦቹ እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ ለየብቻ ተቀምጠው በብረት፣ በማግኒዚየምና በመሳሰሉት ይያያዛሉ፤ ጋርኔት ከቶውንም የመፈለጫ ገጽ (ድንጋዩ በቀላሉ የሚሰነጠቅበት ጠፍጣፋ ገጽ) የለውም፣ ፔሪዶትም ያለው ደካማ ነው። (ቶፓዝ ከዚሁ ወገን ሆኖ ሳለ በአንድ አቅጣጫ ፍጹም ስለሚፈለጥ፣ ይህን ሕግ እንደ ብረት የጸና አድርገው አይያዙት።) በኤመራልድ ውስጥ ስድስት ስድስት ጡቦች ቀለበት ሠርተው፣ ቀለበቶቹ አንዱ በሌላው ላይ እንደ አምድ ይደረደራሉ። ጥሬው ስድስት ጎን ያለው እርሳስ መምሰሉ የዚህ ውጤት ነው። ቱርማሊንም ባለ ቀለበት ነው፤ ነገር ግን ቁመቱን ተከትለው በሚወርዱ ጭረቶቹና ጎኖቹ ያበጡ ሦስት ማዕዘን በሚመስለው ወገቡ ይለያል። ማይካና ታልክ እንደ ወረቀት ንብርብር ስለሆኑ በጥፍር ይላጣሉ። ኳርትዝ በአራቱም አቅጣጫ የተሳሰረ መረብ በመሆኑ የመፈለጫ መስመር የለውም፤ ፌልድስፓር ግን መረብ ቢሆንም በሁለት አቅጣጫ ይፈለጣል።

የእርስዎ ድንጋይ ከእነዚህ መካከል ያልጠቀስኩት የሰንሰለት ወገን ይመስለኛል። ጡቦቹ በነጠላ ሰንሰለት ሲያያዙ የመፈለጫ ገጾቹ በ87 እና በ93 ዲግሪ ይገናኛሉ፤ ሰንሰለቱ ድርብ ከሆነ ማዕዘኑ 56 እና 124 ይሆናል። ከነጠላዎቹ አንዱ ስፖዱሚን የሚባለው የሊቲየም ማዕድን ሲሆን፣ በዚያው በጉጂ ዞን ታንታለም በሚባለው ማዕድኑ በሚታወቀው ቀንጢቻ ይገኛል። ከድርቦቹ ደግሞ አክቲኖላይት ከኤመራልዱ ጋር በአንድ ዓለት ውስጥ ሊገኝ የሚችል አረንጓዴ ድንጋይ ነው። የሻኪሶ ኤመራልድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ገደማ ወዲህ ገበያ ላይ ስሙ ከገነነ ጀምሮ ከዚያ አካባቢ የመጣ አረንጓዴ ሁሉ በአንድ ስም ሲጠራ እሰማለሁ። በጥሬ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚታይ ቡናማ ማይካም ድንጋዩ ከየት ዓይነት ዓለት እንደወጣ ይጠቁማል እንጂ ምንነቱን አያረጋግጥም።

መስታወት መጫሩ ምንም አልነገረዎትም፤ ከላይ ከጠቀስኳቸው ታልክና ማይካ ብቻ ሲቀሩ ሌሎቹ መስታወትን ይጭራሉ ወይም ከእሱ ጋር ይቀራረባሉ። የተሻለው ፈተና በኳርትዝ ነው። ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞህስ መለኪያ ኤመራልድ ከ7.5 እስከ 8 ጥንካሬ ስላለው ጥንካሬው 7 የሆነውን ኳርትዝ ይጭራል፤ ከ6.5 እስከ 7 የሆነው ስፖዱሚን ግን አይጭርም። የጭረቱን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ጭረት የመሰለን የራሱ የድንጋዩ ዱቄት ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ ይልቅ የማምነው ግን ሚዛኑን ነው። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ላይ ግማሽ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ያስቀምጡና ንባቡን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ድንጋዩን በቀጭን ክር አስረው ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም ድረስ ውኃው ውስጥ ያንጠልጥሉት፤ የብርጭቆውን ወለልም ግድግዳም እንዳይነካ ይጠንቀቁ፣ የአየር አረፋ ከያዘም አራግፈው እንደገና ይንከሩት። የደረቁን ክብደት አሁን ለሚያነቡት ቁጥር ሲያካፍሉ እፍጋቱን፣ ማለትም ከእኩል መጠን ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ፣ ያገኛሉ። የእርስዎ 6.30 ግራም ድንጋይ ኤመራልድ ከሆነ ሚዛኑ ወደ 2.33 ያነባል፣ እፍጋቱም 2.70 ገደማ ይሆናል። አማዞናይት የሚባለው አረንጓዴ ፌልድስፓር ከሆነ ወደ 2.46 ያነባል። ንባቡ 2.00 አካባቢ ከሆነ ግን እፍጋቱ 3.15 ነው፤ ይህም ስፖዱሚን የሚገኝበት ስፍራ ነው። አክቲኖላይትም ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ፣ ሁለቱን ለመለየት የቢዝነስ ካርድ ጥግ ከሁለቱ ገጾች መገናኛ ጋር ያስተያዩ፤ ከካርዱ ጋር ሊገጥም ጥቂት ከቀረው ነጠላ ሰንሰለት ነው፣ እንደ ሽብልቅ ከሾለ ወይም በጣም ከተከፈተ ድርብ ነው።

አክቲኖላይት ሆኖ ከተገኘ፣ በተለይም እንደ ቃጫ የሚፈተል ከሆነ፣ መቁረጡን ይተዉት። ቃጫማው ዓይነት ከአስቤስቶስ ማዕድናት አንዱ ስለሆነ ብናኙ ለሳንባ እጅግ አደገኛ ነው። ማንኛውንም ሲሊኬት ቢሆን ያለ ውኃ አለመሞረድ ሊለመድ ይገባል።

ስፖዱሚን ከሆነ ግን ተስፋ አይቁረጡ፤ አስቸጋሪ ቢሆንም የሚያምር ፈርጥ ይወጣዋል። ትልቁ ቁም ነገር የላይኛው ጠፍጣፋ ገጽ ከመፈለጫው ገጽ ጋር ትይዩ እንዳይሆን ድንጋዩን በሚቆረጥበት ጊዜ በሚይዘው ዘንግ ላይ ሲያጣብቁት ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ማዘንበል ነው። ትይዩ ከሆነ ምንም ያህል ቢወለውሉት እየተላጠ አይጠራልዎትም። በጀማሪነቴ ይህን ባለማወቅ ሁለት ቀን የለፋሁበትን ድንጋይ ሊያልቅ ሲል ለሁለት ከፍዬዋለሁ። በጋለ ሰም አያጣብቁት፤ ድንገተኛ ሙቀት የተደበቀውን ስንጥቅ ይከፍተዋል፣ ስለዚህ በቀዝቃዛው የሚደርቅ ማጣበቂያ ይሻላል። ሻካራውን ዲስክ ዘልለው የልስላሴ ቁጥሩ 600 ከሆነው ይጀምሩ፣ ከዚያ ወደ 1200 እና ወደ 3000 ይለፉ፤ ፍጥነቱ ዝግ፣ ግፊቱ ቀላል፣ ውኃው የማይቋረጥ ይሁን። ጠርዞቹንም ከመጠን በላይ አያስሉ።

ሁለቱ የተሳኩልዎት ድንጋዮች ኤመራልድ መሆናቸውንም ገና አላረጋገጡም፤ ለገዢ ከማቅረብዎ በፊት በዚያው ብርጭቆ ውኃ ይመዝኗቸው። ቀለበት ላይ ከተገጠሙ በኋላ ይህን ማድረግ አይቻልም።