የክረምት ፕሮግራም ቢሮ ውስጥ ልሥራ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። በመጪው ክረምት ለታዳጊዎች በሚዘጋጅ የ6 ሳምንት አዳሪ ፕሮግራም በቢሮ ረዳትነት እንድሠራ ተቀብለውኛል። ማደሪያና ምግብ ይሰጣሉ፣ ክፍያው ግን ትንሽ ነው። ጓደኞቼ «ፎቶ ኮፒ ስታነሺ ልትከርሚ ነው፤ ለሲቪሽ ምንም አይፈይድም» ይሉኛል። በዚያ ላይ ዝምተኛ ስለሆንኩ ሙሉ ቀን ከሰው ጋር መዋሉ ያስፈራኛል። ልግባበት ወይስ ከሙያዬ ጋር የሚገናኝ ነገር እስካገኝ ልጠብቅ? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ግቢበት። ከመፈረምሽ በፊት ግን ስለ ሥራ ሰዓት መጠየቅ ያለብሽ ነገር አለ፤ እመጣበታለሁ።

ጓደኞችሽ ስለ ፎቶ ኮፒው አልዋሹሽም። ታነሺያለሽ። ባጅ ትቆርጫለሽ፣ ወረቀት የጎረሰ ፕሪንተር ከፍተሽ ታስተካክያለሽ፣ የጠፋ ጃኬት ባለቤት ትፈልጊያለሽ። ያላዩት ነገር የአዳሪ ፕሮግራም ቢሮ ከሌላ ቢሮ የሚለይበትን ነው። በሌላ መሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ የተሳሳተ ነገር ነገ ይታረማል። እዚህ ግን ስሙ ወረቀቱ ላይ ያለው ልጅ እዚያው ግቢ ውስጥ ያድራል። ምን ቢበላ እንደሚያመው፣ የትኛው ክፍል እንደሚተኛ፣ መጥቶ ሊወስደው የሚፈቀድለት ማን እንደሆነ የሚታወቀው ቢሮው በያዘው መዝገብ ነው። ወላጅ ልጁን ለማያውቀው ሰው ትቶ የሚመለሰው ያንን መዝገብ አምኖ ነው። ያ መዝገብ እውነት ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ደግሞ በአብዛኛው በቢሮ ረዳቷ እጅ ያለ ሥራ ነው። ለአካውንቲንግ ተማሪ ከዚህ የቀረበ ልምምድ ምን እንደሚኖር አላውቅም።

ይህን የምልሽ እኔው ራሴ በተማሪነቴ እንዲህ ያለ ቢሮ ውስጥ ስለሠራሁ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ኃላፊዬ የተሳታፊዎቹን ዝርዝር በፊደል ተራ እንዳስተካክል አዘዘችኝ። ዝርዝሩ በኤክሴል ነበር፦ ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ የወላጅ ስልክ። የስሙን ዓምድ ብቻ መርጬ በተራ እንዲቀመጥ አዘዝኩት። ኤክሴል አጠገቡ ያሉትም ዓምዶች አብረው ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሳላነብ ባለበት ይቀጥል ብዬ ተጫንኩ። ስሞቹ ተሰደሩ፣ ስልኮቹ ግን ባሉበት ቀሩ። ለዓይን እንከን የሌለው ዝርዝር ነበር፤ አትሜ ለተረኞቹ አደልኩ። በዚያው ሌሊት አንድ ልጅ ትኩሳት ያዘውና ተረኛዋ ለወላጁ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው የሌላ ልጅ እናት ነበረች። ልጇ በሰላም ተኝቶ ሳለ «ልጅዎ ታሟል» ተባለች። ስህተቱ ታውቆ ይቅርታ እስኪጠየቅ ድረስ ያለቀሰችው ለቅሶ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። የታመመውን ልጅ ወላጆች ያገኘናቸው የመመዝገቢያ ቅጾቹን ከካቢኔት አውጥተን በእጅ ካገላበጥን በኋላ ነው። ቀሪውን ሌሊት እያንዳንዱን ስም ከቅጹ ጋር ሳመሳክር አነጋሁ።

ከዚያ ወዲህ ያልተውኩት ልማድ አለኝ፣ አንቺም ከመጀመሪያው ቀን ያዢው። ዝርዝር ከመንካትሽ በፊት ዋናውን ገልብጠሽ ለብቻው አስቀምጪ። ከነካሽው በኋላ ደግሞ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች 5 ስም መርጠሽ ወላጅ በእጁ ከሞላው ቅጽ ጋር አመሳክሪ። ሌላም አለ፦ በ0 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ስታስገቢ ኤክሴል እንደ ተራ ቁጥር ቆጥሮት 0ዋን ይጥላታል፤ ስለዚህ ዓምዱን አስቀድመሽ ወደ ጽሑፍ ለውጪው። ዝርዝሩም ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ አይቀመጥ። የእሳት ደወል ሲጮህ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ኮምፒውተሩ ግን ውስጥ ይቀራል። ሜዳ ላይ ልጆቹ የሚቆጠሩት አንቺ ይዘሽ በወጣሽው ወረቀት ነው። በየማለዳው አዲሱን አትመሽ በር አጠገብ ስቀዪ፣ የትናንቱን ቀድደሽ አስወግጂ። ሁለት ዓይነት ዝርዝር በአንድ ግቢ ውስጥ ሲዘዋወር አደጋ ነው።

ቁልፍም እንደ ገንዘብ ነው። ማን ወሰደ፣ ስንት ሰዓት፣ መቼ መለሰ፣ ፊርማ። «ለ1 ደቂቃ ነው፣ መፈረም አያስፈልግም» የሚልሽ ብዙ ጊዜ የምትወጂው የሥራ ባልደረባሽ ነው፤ ፈገግ ብለሽ መዝገቡን አስጠጊለት። መለያው ላይ የክፍሉን ቁጥር አትጻፊ፣ ቢሮው ብቻ የሚያውቀው ምልክት ይሁን። የክፍል ቁጥር ያለበት ቁልፍ መንገድ ላይ ከወደቀ ላገኘው ሰው በር መክፈት ማለት ነው።

ወደ ዝምታሽ ልምጣ፣ እሱ ይበልጥ ሳያስጨንቅሽ አልቀረም። የቢሮ ጠረጴዛ ለዝምተኛ ሰው ክፉ ቦታ አይደለም። ወሬ መፍጠር አይጠበቅብሽም፤ ሰው የሚመጣው ጉዳዩን ይዞ ነው። አዳምጠሽ፣ በትክክል ጽፈሽ፣ ለሚመለከተው ማድረስ ነው ሥራሽ። የሚከብደው እምቢ ማለት ሲያስፈልግ ነውና ቃሉን ከቤትሽ አጥንተሽ ሂጂ። ለምሳሌ አንድ ሰው ደውሎ «የእገሌ አጎት ነኝ፣ የትኛው ክፍል ነው ያለው?» ቢልሽ፣ ልጁ መኖሩንም አለመኖሩንም ሳታረጋግጪ፣ «ስምዎንና ስልክዎን ይስጡኝ፣ አስተባባሪዋ ትደውልልዎታለች» በይ። ደጋግመሽ ጮክ ብለሽ ተለማመጂው፤ ሰውዬው ሲቆጣ አፍሽ እንዳይያዝ። አጎቱ በእርግጥ አጎት ከሆነ 10 ደቂቃ መጠበቁ አይጎዳውም። በአካል መጥቶ ልጅ ልውሰድ የሚልም ቢሆን ስሙ ከተፈቀደላቸው ሰዎች መካከል እንዳለ መታወቂያውን አይተሽ አረጋግጪ፤ ከሌለ ኃላፊሽን ጥሪ፣ ለብቻሽ አትወስኚ።

ዝምታሽ የሚጠቅምበት ሰዓትም ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቤቱ የናፈቀው ልጅ «ስልክ ልደውል» ብሎ መጥቶ ከጠረጴዛሽ ፊት ይቆማል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ያን ጊዜ ብዙ የሚያወራ ሰው አያስፈልገውም። ወንበር ስጪው፣ በሩ ክፍት ይሁን፣ የክፍሉን ተንከባካቢ አስጠሪ። ምናልባት ከናፍቆት የከበደ ነገር፣ ሰው እንደጎዳው ቢነግርሽ ደግሞ «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ። አትመርምሪው፣ አታቋርጪው፣ በራሱ ቃል ጽፈሽ በዚያው ሰዓት ለሚመለከተው ኃላፊ አድርሺ። ይህ አደራ ስለሆነ ገና ከመጀመርሽ በፊት፣ «እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥመኝ የምነግረው ለማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ግልጽ መልስ የሌለው ፕሮግራም ያሳስበኛል።

አሁን ከመፈረምሽ በፊት ስላልኩሽ ነገር። የሥራ ቦታሽና ማደሪያሽ አንድ ግቢ ሲሆን የሥራ ቀን የሚያልቅበት ሰዓት ይጠፋል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት የዶርምሽ በር ተንኳኩቶ «ቁልፍ ረሳሁ» ይባላል። ደግ ልጅ ከሆንሽ፣ መሆንሽ ደግሞ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል፣ በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፍ አጥተሽ ዝርዝር መሳሳት ትጀምሪያለሽ። ስለዚህ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀን፣ የሌሊት ተረኝነት ይኖር እንደሆነና ይከፈልበት እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡሽ። ከዚያ ክፍያውን ለጠቅላላው ሰዓት አካፍይው፤ ማደሪያና ምግቡንም አስቢበት። ውጤቱን አይተሽ ካልተዋጠልሽ ማስቀረት መብትሽ ነው። ሰዓቱን በወረቀት ለማስፈር ፈቃደኛ ካልሆኑ ግን ምንም ያህል ብትጓጊ ተዪው።

ከገባሽ በኋላ ከሙያሽ ጋር የሚያገናኝሽን ራስሽ ጠይቂ። እንዲህ ባለ ቢሮ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ለትናንሽ ወጪ የሚሆን ፔቲ ካሽ አለ። «ደረሰኝ በመሰብሰብና ሳምንታዊ ሒሳቡን በማመሳከር ላግዝ» በይ። ገንዘቡን ሁልጊዜ ለሁለት ሆናችሁ ቁጠሩ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ አንቺን ከሐሜት የሚጠብቅሽ እሱ ነው።

ትንሽ ማስታወሻ ደብተርም ያዢ፤ በየቀኑ ማታ 3 መስመር ይበቃል። ስንት ቅጽ አስተካከልሽ፣ ምን ችግር አገኘሽ፣ ምን ለወጥሽ። ሲቪ ላይ «የቢሮ ሥራ ረዳሁ» ብሎ መጻፍ ለማንም ምንም አይነግርም። «የተሳታፊዎችን መዝገብ ከመመዝገቢያ ቅጽ ጋር በየሳምንቱ አመሳክሬያለሁ፣ የፔቲ ካሽ ሒሳብ ያለ ጉድለት አስረክቤያለሁ» የሚለው ግን ለሒሳብ ቢሮ ኃላፊ ይገባዋል፤ በእርግጥ ያደረግሽው ከሆነ ብቻ ጻፊው። ቃለ መጠይቅ ላይም «ስህተት ያረምሽበትን ጊዜ ንገሪን» ሲሉሽ ከደብተሩ የምታወጪው እውነተኛ ታሪክ ይኖርሻል።

የድጋፍ ደብዳቤውን በአምስተኛው ሳምንት ጠይቂ። በስድስተኛው ሁሉም ሻንጣ ያዘጋጃል፣ ከዚያ የክረምቱ ቡድን ይበተናል፣ አስተባባሪዋም ወደ መደበኛ ሥራዋ ትመለሳለች። በደብዳቤው ላይ እንዲጠቀሱ የምትፈልጊያቸውን ሁለት ሥራዎች በአጭሩ ጽፈሽ ስጪያት።