ፌስታል ውስጥ ያለው ደብተር

ጥያቄ፦ «ወንድሜ፣ የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። አሥረኛ ክፍል የሚማር የ16 ዓመት ልጅ አለኝ። ፒያሳ የነበረው የእናቴ ቤት በ2016 ከፈረሰ ወዲህ ሥዕል ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሲበላም ይስላል፣ አጠናለሁ ብሎ ቁጭ ሲልም ይስላል። አንዱ ሥዕል ላይ ራሱን ያለ ዓይን ስሎ አይቼ ደንግጫለሁ። የመንፈቅ ዓመት ውጤት ሲመጣ ሒሳብ 52 አመጣ። አባቱ ተናደደና ሁለት ዓመት ሙሉ የሳለበትን ደብተር ታናሽ እህቱ ፊት ቀዳደደው። ይኸው ሰባት ሳምንቱ፣ አባትና ልጅ ሰላም አይባባሉም። እግዚአብሔር ይመስገን መሳሉን ትቷል፤ ግን ጋደም ብሎ ጣራ ጣራ ያያል። ቅዳጁን መጣል አላስቻለኝም፣ በፌስታል ቋጥሬ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጬዋለሁ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ‹ሥዕል እንጀራ አይሆንም፣ ሲያድግ ያመሰግነኛል› ነው የሚለው። እንዴት ላስታርቃቸው?»

መልስ፦ እህቴ፣ «ወንድሜ» ብለሽ ስለጀመርሽ እኔም አንቱታውን ትቼ በ«አንቺ» ልቀጥል።

ጥያቄሽን ሳነብ ደብተሩ የተቀደደበት ቦታ ስደርስ አዘንኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን መሳሉን ትቷል» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ደነገጥኩ። ብዙ የሚስል ልጅ ብዙም አያሳስበኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲስል ኖሮ በአንድ ቀን ያቆመ ልጅ ግን ያሳስበኛል።

ባለቤትሽ የሚጠይቀው ጥያቄ «ይህ ነገር እንጀራ ይሆናል ወይ?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ በዚህ ኑሮ የማይጠይቅ አባት ካለ አሳዩኝ። ችግሩ ልጁ እዚያ ጥያቄ ላይ ገና አልደረሰም። እሱ ያለው «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ላይ ነው። ኤሪክ ኤሪክሰን የሚባል የታወቀ የሥነ ልቦና ሰው የጉርምስና ትልቁ ሥራ ይህን መመለስ ነው ይል ነበር። የራሱ ታሪክም ያው ነው፤ ያሳደገው እንጀራ አባቱ የሕፃናት ሐኪም ነበር፣ ልጁም ሐኪም እንዲሆንለት ይፈልግ ነበር፤ ልጁ ግን እምቢ ብሎ ሥዕል እየሠራ አውሮፓን ሲዞር ከርሞ ነው ዘግይቶ ወደ ሥነ ልቦና የገባው።

አሁን ራስሽ የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። መሳል የጀመረው መቼ ነው? የአያቱ ቤት ሲፈርስ። ጽፈሽዋል፣ ግን ሁለቱን አላገናኘሻቸውም። ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ያደገበት ደረጃ፣ የሚያውቃት ሱቅ፣ ኳስ የተጫወተበት መንገድ፣ የጎረቤት ልጆች፣ ሁሉም ባንዴ ከዓይኑ ጠፉ። ትልልቅ ሰዎች ይህን ቡና ላይ ያወሩታል፣ ያለቅሱታል፣ ይረግሙታልም። የ14 ዓመት ወንድ ልጅ ግን «ሰፈሬ ናፈቀኝ» ብሎ ለማን ይናገራል? ስለዚህ እርሳስ አነሳ። የእርግጠኝነት ያህል የምገምተው፣ ፌስታሉ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች ብዙዎቹ ላይ ያ ቤት አለ። ፈትተሽ ግን እንዳትፈትሺ፤ ለምን እንደምልሽ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ሌላም ነገር አለ። እንዲህ የሚስል ልጅ ክፍል ውስጥ ስም አለው። የባዮሎጂ ደብተር ላይ ልብና አበባ የሚስልላቸው እሱ ነው፣ «ሰዓሊው ና!» ይሉታል። (እኔ እንኳ እጄ የደረቀ ሰው ነኝ፣ የኔን ልብ ድንች ነው የሚመስለው እያሉ ይስቁብኝ ነበር።) ይህን ስም አንቺም አባቱም አልሰጣችሁትም፣ ራሱ ሠርቶ ያገኘው ነው። ስለዚህ ደብተሩ ሲቀደድ ወረቀት ብቻ አይደለም የተቀደደው። ያውም ታናሽ እህቱ ፊት። ወንድ ልጅን ታናሹ ፊት ማዋረድ ምን ማለት እንደሆነ ባለቤትሽ ከራሱ ልጅነት አያጣውም።

ያለ ዓይን የሳለውን በተመለከተ፣ እባክሽ አትተርጉሚው። ጥቁር ከበዛ ድብርት፣ ዓይን ከሌለ ጭንቀት እያሉ ሥዕልን እንደ ሲኒ አተላ ማንበብ የኛ ሥራ አይደለም። ዓይን ለመሳል ስለሚያስቸግር ትቶትም ሊሆን ይችላል። ማወቅ ከፈለግሽ ሲረጋጋ «ይሄ እንዴት ነው?» ብለሽ ጠይቂውና ዝም በይ።

ልታይው የሚገባሽ ሌላ ነው። ይተኛል? ይበላል? ጓደኞቹ ጋ ይወጣል? ሰባት ሳምንት ጣራ ማየት ረጅም ነው። «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ዓይነት ነገር ከሰማሽ፣ ወይም ከጠረጠርሽ፣ በቀጥታ ጠይቂው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ከዚያ ሳትውዪ ሳታድሪ ባለሙያ ጋ ውሰጂው። ባለሙያ ማለት ደግሞ አማኑኤል ብቻ አይደለም፣ ሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

ወደ እርቁ ስንመጣ፣ ሽማግሌ አትላኪበት። አጎቱንም፣ የንስሐ አባቱንም ለጊዜው ተያቸው። 16 ዓመት ልጅ ፊት ሦስት ትልልቅ ሰው ከተቀመጠ «እሺ» ይላል፣ ጉልበት ይስማል፣ ውስጡ ግን እንደተቆለፈ ይቀራል። መናገር ያለበት አባቱ ነው፣ ብቻውን፣ ለልጁ ብቻ። «አባት ልጁን ይቅርታ ይጠይቃል እንዴ?» እንደሚልሽ አውቃለሁ፣ ቢሮዬ የሚመጡ አባቶች ሁሉ የሚሉት ነው። ንግግር አያስፈልገውም። «ያን ቀን ደብተርህን መቅደድ አልነበረብኝም።» በቃ። ነጥብ። «ግን አንተም ሒሳብህን...» ብሎ ከቀጠለ ባይጀምረው ይሻል ነበር። የሒሳቡ ጉዳይ አለ፣ 52 ደስ አይልም፣ አስጠኚም ያስፈልገው ይሆናል፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ወሬ ይምጣ።

ልጁ ወዲያው ላይመልስለት ይችላል። አይክፋው። ሰባት ሳምንት የተዘጋ በር በአንድ ማንኳኳት አይከፈትም።

ከዚያ በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ ቢወጡ ደስ ይለኛል። ከናንተ ሰፈር ሽቅብ በእግር ስድስት ኪሎ ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሚባል የሥዕል ሙዚየም አለ። ወይ ደግሞ ባለቤትሽ ራሱ ስለ ሰዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ያንሳለት። አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ዛሬ አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የሱ ነው። ይህን የማነሳው ልጅሽ አፈወርቅ ይሆናል ለማለት አይደለም፣ ላይሆንም ይችላል፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ሥዕሉን ትቶ ጊታር ሊያነሳም ይችላል። አባቱ ስለ ሥዕል ያለ ቁጣ ሲያወራ አንድ ቀን እንዲሰማው ብዬ ነው።

አንቺም ተጠንቀቂ። አሁን ጸጸቱ ይዞሽ ወደ ሌላው ጫፍ እንዳትሄጂ። ቀለምና ሸራ ገዝቶ መምጣት፣ እንግዳ ሲመጣ «የኛ ሰዓሊ፣ እስኪ አሳያቸው» ማለት፣ በዚህ ሳምንት «ቤት መሳል ከወደድክ ለምን ሕንፃ ኮሌጅ ገብተህ አርክቴክት አትሆንም?» ማለት፣ ሁሉም ያው ነው፤ ማን እንደሆነ እናንተ ልትነግሩት ነው። ቤተሰቡ የመረጠለትን ማንነት እንደ ልብስ ሳይለካ የሚለብስ ልጅ ለጊዜው ጨዋ ይመስላል። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ነው እኔ ጋ የሚመጣው። በሚቀጥለው ዓመት ናቹራል ወይ ሶሻል መምረጡ አይቀርም፣ ያኔ ትነጋገራላችሁ። ባለቤትሽ «ሥዕል ከትምህርት መሸሻ ነው» ካለ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመግባትም አሥራ ሁለተኛን ማለፍ የግድ ነው።

አሁን ፌስታሉ። ቅዳጁ መኖሩን ልጅሽ አያውቅም ብዬ ነው የማስበው፤ የተጣለ ነው የሚመስለው። አባቱ ከተናገረው በኋላ፣ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ «አልጣልኩትም፣ ቁም ሳጥኑ ላይ አለ» በይው። አታውርጂው፣ አትፍቺው፣ በተለይ ፕላስተር ይዘሽ አንቺ መለጣጠፍ እንዳትጀምሪ። የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም የሚያውቀው እሱ ነው። ልጣለው ካለም ይጣለው። ወንበር አምጥቶ ራሱ ያወረደው ቀን ግን ወሬ ሳታበዢ የጠረጴዛውን ዕቃ አንሺለት።