ቁርጭምጭሚት፣ ጄሶና አሸዋ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በባሕር ዳርቻ ጉዞ ላይ ሳሉ ከተጎዱ አንባቢያን የደረሱን ናቸው።

ጥያቄ፦ ከባሕሩ በላይ በገደል አፋፍ በተዘረጋ የእግር መንገድ ስንጓዝ ቀኝ እግሬ ወደ ውስጥ ታጥፎ ቁርጭምጭሚቴን ወለም አለኝ። በውጭ በኩል አብጧል፤ እያነከስኩ ግን እራመዳለሁ። ገና አሥር ቀን ይቀረናል። ልመለስ ወይስ ልቀጥል? በባዶ እግር አሸዋ ላይ መራመድ ያጠነክራል የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ መጀመሪያ ስብራት ይኖር እንደሆነ ይለዩ። ለዚህ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ ኦታዋ የወጣ ቀላል መመዘኛ አለ። በቁርጭምጭሚትዎ ግራና ቀኝ ጎላ ብለው የሚታዩትን ሁለት አጥንቶች ጫፋቸውን፣ ከዚያም የኋላ ጠርዛቸውን 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ እየሄዱ በጣት ይጫኑ። ቀጥሎ በእግርዎ የውጭ ጠርዝ መካከል ላይ፣ በትንሿ ጣት አቅጣጫ ጎበጥ ያለውን አጥንት፣ በመጨረሻም በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ያለውን አጥንት ይጫኑ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ አጥንቱ ራሱ ካመመዎት፣ ወይም እንደተጎዱም አሁንም አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎት ራጅ ያስፈልጋል። ማነከስ እንደ መራመድ ይቆጠራል። በስኳር ሕመም ወይም በሌላ ምክንያት እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን በዚህ መመዘኛ አይተማመን፤ ሕመሙ ላይሰማው ይችላል።

ስብራት ከሌለ የተጎዳው ጅማት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ያድርጉበት። በረዶን በቀጥታ ቆዳ ላይ ማስቀመጥ ቆዳውን ያቃጥላል። የሚለጠጥ ፋሻ ከጣቶች ሥር ጀምረው፣ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን በግማሽ እየሸፈነ፣ በቁርጭምጭሚቱ ላይ እያመሳቀሉ እስከ ባት መጀመሪያ ድረስ ይጠምጥሙ። ሲጨርሱ የአውራ ጣትዎን ጥፍር ተጭነው ይልቀቁ፤ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ፋሻው ጠብቋል፣ ፈትተው እንደገና ያላሉት። ሲተኙ እግሩን ከልብዎ ከፍታ በላይ ያድርጉ፤ አንድ ትራስ ብዙ ጊዜ አይበቃም። በእነዚህ ቀናት ማሸትም ሆነ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ እብጠቱን ያብሳል።

ይሁን እንጂ እግሩን አስሮ መቀመጥም አያድንም። ሕመሙ ጋብ እንዳለ፣ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ተቀምጠው በአውራ ጣትዎ አየር ላይ ፊደል ይጻፉ። ሰባቱንም ቤት መጻፍ አያስፈልግም፤ ከሀ እስከ ፐ ግዕዙ ብቻ ይበቃል፣ በቀን ሦስት ጊዜ። እንቅስቃሴው ሲቀልልዎት ግድግዳ ተደግፈው በተጎዳው እግር ብቻ መቆምን ይለማመዱ፤ ከ10 ሰከንድ ተነስተው እስከ 30 ያድርሱት። ይህ ልምምድ ቀላል ቢመስልም ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው። ወለምታ ጅማቱን ብቻ ሳይሆን እግር የቆመበትን የማወቅ ችሎታውንም ይጎዳል፤ አንዴ ወለም ያለው እግር ደጋግሞ ወለም የሚለው ባብዛኛው ለዚህ ነው።

ወደ አሸዋው እንምጣ። የነገሩዎት ሰዎች ጤናማ እግርን አስበው ከሆነ አልተሳሳቱም፤ ለእርስዎ ግን ጊዜው ገና ነው። ደረቅ አሸዋ በእያንዳንዱ እርምጃ ስለሚሰምጥ ጡንቻን ከጠንካራ መሬት ከእጥፍ በላይ ያደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ሲታጠፍ አይደርስለትም። ውሃው ዳር ያለው እርጥብ አሸዋ ጠንከር ይላል፤ ነገር ግን ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ነው። በዳርቻው ቁመት ሲራመዱ በባሕሩ በኩል ያለው እግር የውጭ ጠርዙ ዝቅ ስለሚል ወደ ውስጥ ይጠማዘዛል። የእርስዎ ጅማት የተጎዳው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ የተጎዳው እግር በየብሱ በኩል ይሁን፤ የተጎዳው ቀኝዎ ስለሆነ ባሕሩን በግራዎ አድርገው ይሂዱ። ችግሩ ሲመለሱ ነው፤ ፊትዎን ሲያዞሩ ባሕሩ ወደ ቀኝዎ ይመጣል። መመለሻዎ ደልዳላ መንገድ ከሌለው ባይሄዱ ይሻላል። ጫማ አያውልቁ።

ውሃው ራሱ ግን ይጠቅማል። እስከ ወገብ ጥልቀት ሲቆሙ እግርዎ የሚሸከመው ከክብደትዎ ግማሽ ያህሉን ነው፤ እስከ ደረት ሲሆን ደግሞ ሲሶ ገደማ። ቆዳው ካልተላጠና ባሕሩ ጸጥ ካለ በዚያ ጥልቀት 10 ደቂቃ ወዲያ ወዲህ መራመድ ጥሩ ልምምድ ነው። ሞገድ በሚመታበት ቦታ አይሞክሩት፤ የሚመለሰው ውሃ አሸዋውን ከእግርዎ ሥር እየጠረገ ሚዛንዎን ያስታል።

እንግዲህ መመለስ አለብዎት? እኛ አይመስለንም። ቀላል ወለምታ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ደልዳላ መንገድ ላይ መሄድ ይችሉ ይሆናል። የገደሉን መንገድ ግን ይተዉት፤ በተለይ ቁልቁለቱን። ጣቶች ወደ ታች ሲያመለክቱ በቁርጭምጭሚቱ ጎድጓዳ ውስጥ የሚገባው የአጥንቱ ጠባብ ክፍል ስለሆነ መገጣጠሚያው ይላላል፤ ቁልቁለትና ደረጃ ውረድ ሰውን የሚጥሉት ለዚህ ነው። በተጎዳው እግር ብቻ 30 ሰከንድ ሳይንገዳገዱ እስኪቆሙ፣ ተረከዙንም እንደ ጤናማው እግር ደጋግመው እስኪያነሱ ድረስ ጥሩ እይታ ያላቸውን ቦታዎች በመኪና እየደረሱ ይዩ፤ በየቦታውም ከአንድ ሌሊት ይልቅ ሁለት ይደሩ።

ጥያቄ፦ ክንዴ ተሰብሮ ትናንት ጄሶ ታሰረልኝ። ነገ ስድስት ሰዓት የሚፈጅ በረራ አለኝ። እስከዚያ ባሕር ዳር መዋል እችላለሁ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ስለ በረራው። አዲስ ጄሶ ውስጥ ያለ አካል ማበጡን አላቆመም፤ ጄሶው ደግሞ አይሰፋም። ብዙ አየር መንገዶች ከ2 ሰዓት በታች ለሆነ በረራ ጄሶ ከታሰረ 24 ሰዓት፣ ከዚያ ለሚረዝም 48 ሰዓት እንዲያልፍ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ጄሶው የታሰረበትን ሰዓት ቆጥረው አየር መንገዱን አስቀድመው ያነጋግሩ። 48 ሰዓት የማይሞላ ከሆነ ሐኪሙ ጄሶውን በሁለቱም ጎን ሰንጥቆ በፋሻ ሊያስረው ይችላል። ጣቶችዎ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ወይም ሕመሙ ማስታገሻ ወስደውም እየጨመረ ከሄደ ወደ በረራ ሳይሆን ወደ ሕክምና ነው የሚኬደው።

ባሕር ዳር መዋል ይቻላል፤ ጥላ ሥር፣ ክንዱን ከልብ ከፍታ በላይ አድርገው፣ ጣቶችዎን በየሰዓቱ እያንቀሳቀሱ። ነጩ ጄሶ ውሃ ሲነካው ይላሽቃል። ቀለማሙ የፋይበርግላስ ጄሶ ላዩ ውሃ ቢችልም ውስጡ ያለው ጥጥ ካልረጠበ ብቻ ነው የሚበጀው፤ የረጠበ ጥጥ ቆዳን አልፋፍቶ ያቆስላል። ከውሃው ይልቅ የሚያስቸግረው ግን አሸዋው ነው። በጄሶና በቆዳ መካከል የገባ ደቃቅ አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ሲበላዎት በእንጨት ወይም በብዕር አይፈልፍሉት፤ የፀጉር ማድረቂያ ካለ በቀዝቃዛ አየር ብቻ ይንፉበት። የጄሶውን አፍ በስስ ጨርቅ ሸፍነው ቢወጡ ከዚህ ሁሉ ይድናሉ።

ጥያቄ፦ ጉልበቴ በድንጋይ ተልጧል። የባሕር ውሃ ቁስል ያደርቃል ይባላልና ልዋኝ?

መልስ፦ አይዋኙ። የባሕር ውሃ ጨው ቢኖረውም ከጀርም ንጹሕ አይደለም። በሞቃት ጨዋማ ውሃ፣ ይልቁንም ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አካባቢ፣ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል፤ በቁስል ከገባ፣ በተለይ የጉበት ሕመም ባለበት ሰው ላይ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። ቁስሉን በንጹሕ የሚፈስ ውሃና በሳሙና ይጠቡት፣ የተጣበቀውን አሸዋ ሁሉ ያስወጡ፣ ይሸፍኑት፣ እስኪደርቅ ድረስ ከባሕሩ ይራቁ። መቅላቱ በሰዓታት ውስጥ ከተስፋፋ፣ ደም የቋጠረ ውሃ አዘል እብጠት ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ለነገ አይበሉት። ቁስሉ ቆሻሻ ነክቶት ከሆነና የቴታነስ ክትባት ከወሰዱ 5 ዓመት ካለፈ እንደገና መከተብ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ እሾሃማ የባሕር እንስሳ ረግጬ እሾሁ ተረከዜ ውስጥ ተሰበረ። ቦታው ጠቁሯል።

መልስ፦ ጃርት የሚመስለው ክብ እንስሳ መሆን አለበት። እግርዎን 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ ሕመሙን ያስታግሳል። ሙቀቱን ባልተጎዳው እግር ይለኩ፤ የተጎዳው በሕመም ምክንያት ሳይሰማው ሊቃጠል ይችላል። ጫፉ የሚታየውን እሾህ በገባበት አቅጣጫ ቀጥ አድርገው በወረንጦ ይሳቡት። ተሰባሪ ስለሆነ ካጣመሙት ይቀራል፤ ጠልቆ የገባውን በመርፌ አይቆፍሩ። ጥቁረቱ የእሾሁ ቀለም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይጠፋል። ካልጠፋ ስብርባሪ አለ ማለት ነው። መገጣጠሚያ አጠገብ የገባን እሾህ ግን ከመጀመሪያውም ሐኪም ያውጣው።

ጥያቄ፦ ለቁስሌ ዶክሲሳይክሊን ታዝዞልኛል፤ ለጉልበቴም የኬቶፕሮፌን ቅባት አለኝ። ፀሐይ ላይ መሆን ይከለክላሉ?

መልስ፦ ሁለቱም ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣሉ። ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው በቀድሞ ልማዱ ፀሐይ ላይ ከቆየ ክፉኛ ሊቃጠል ይችላል። ኬቶፕሮፌን የተቀባ ቦታ ደግሞ በሚቀቡበት ጊዜ ሁሉና ካቆሙ በኋላም ለ2 ሳምንት በልብስ መሸፈን አለበት፤ ደመናማ ቀንም ቢሆን።

ጥያቄ፦ በክራንች ወደ ባሕሩ ለመውረድ ምን ዘዴ አለ?

መልስ፦ ከዘዴው በፊት ልኩ ይስተካከል። ቀጥ ብለው ሲቆሙ የክራንቹ ራስ ከብብትዎ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ፣ መያዣው ደግሞ እጅዎ ሲንጠለጠል ከአንጓዎ ጋር እኩል ይሁን። ክብደቱ በመዳፍ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ብብት ላይ ካረፈ ነርቭ ተጭኖ እጅ ይደነዝዛል። ደረጃ ሲወጡ ጤናማው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ ክራንቹና የተጎዳው እግር ይቅደሙ። ደረቅ አሸዋ ላይ ጫፉ ስለሚሰምጥ እርምጃዎን ያሳጥሩ፤ በሰፊ የጎማ ጫፍ መቀየር ከተቻለ ይቀይሩት። አልጌ የያዘው ድንጋይ ላይ ፈጽሞ አይውጡ። ከባሕር ሲመለሱም የጎማውን ጫፍ ከእርጥበትና ከአሸዋ በደንብ ይጥረጉ፤ ለስላሳ ወለል ላይ እርጥብ ጎማ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።