ባጃጇ ባሕር ዳር፣ ካርታው መራዊ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምንማር 5 የምህንድስና ተማሪዎች ነን። ለቡድን ፕሮጀክት ባጃጅ ያለችበትን ቦታ በስልክ የሚያሳይ መሣሪያ እየሠራን ነው። አርዱይኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰርኪት ቦርድ)፣ ቦታ የሚለይ ኒዮ 6ኤም ጂፒኤስ እና በሲም ካርድ መረጃ የሚልክ ሲም 800ኤል ሞደም ተጠቅመናል። ሞደሙ መረጃ ሊልክ ሲል ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ቀንቶት ሲልክ ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አጠገብ የቆመችውን ባጃጅ ካርታው መራዊ ከተማ አካባቢ ያሳያታል። ጂፒኤሱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጂፒኤሱ ደህና ነው፤ ለሌላ መግዣ ገንዘብ አታዋጡ። ጥፋቱ ስሌቱ ላይ ነው። ኒዮ 6ኤም ኬክሮስን 1135.8 ብሎ ሲልክ 11 ዲግሪ ከ35.8 ደቂቃ ማለቱ ነው። ለ100 ካካፈላችሁት 11.358 ይሆናል፤ ያ ስህተት ነው። 35.8ን ለ60 አካፍላችሁ 11 ላይ ስትደምሩት 11.5967 ይመጣል፤ ባሕር ዳር ማለት ነው። ኬንትሮሱም እንዲሁ፤ 3723.2 ሲል 37.3867 እንጂ 37.232 አይደለም። ሁለቱ አንድ ላይ ባጃጇን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወስዷታል። መራዊ የደረሰችው በዚህ ነው።

ሞደሙን የሚያጠፋው የኃይል እጥረት ነው። ሲም 800ኤል ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ይፈልጋል፤ ሲልክ ደግሞ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። የአርዱይኖው 5 ቮልት ፒን ቮልቱ ይበዛል፣ አምፔሩ ያንሳል፤ 3.3ቱ ጭራሽ አይታሰብም። ከባጃጇ 12 ቮልት ባትሪ በ2 አምፔር ፊውዝ አሳልፋችሁ ኤልኤም 2596 ቮልት ማውረጃ ላይ አስገቡ። ሞደሙን ሳታገናኙ በፊት ማውረጃው ላይ ያለችውን ብሎን እያዞራችሁ መውጫውን በመልቲሜትር 4.0 ላይ አስተካክሉ። ከዚያ 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር (ኃይል ለቅጽበት የሚያጠራቅም ዕቃ)፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሳታገለባብጡ፣ ሞደሙ ፒን ሥር በዩ። ቀጫጭን የብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ መሞከሪያ ሰሌዳ) ሽቦ እዚህ አያዋጣም፤ አጭርና ወፍራም ይሁን። መልቲሜትሩ 4.0 እያሳየ ሞደሙ ቢጠፋ አትገረሙ፤ የቮልቱ መውረድ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ያነሰ ጊዜ ስለሚቆይ መልቲሜትር አይደርስበትም። የሁሉም ግራውንድ (ኔጋቲቭ መስመር) አንድ ላይ ይገናኝ። ከአርዱይኖ ወደ ሞደም የሚሄደውን የ5 ቮልት ሲግናልም በሁለት ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ 2.5 አውርዱት።

ሞደሙ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት ተመልከቱ። በሰከንድ አንዴ ገደማ ብልጭ ካለች ኔትወርክ እየፈለገች ነው፤ በ3 ሰከንድ አንዴ ከሆነ አግኝታለች። በ3 ሰከንድ ስትል ቆይታ ልትልኩ ስትሉ ወደ 1 ከተመለሰች አሁንም ኃይል ላይ ፈልጉ።

ሥራውን በዕቃ የተከፋፈላችሁት ይመስለናል፤ አንዱ ጂፒኤስ፣ አንዱ ሞደም፣ አንዱ ሰርቨር። ሁለቱም ችግሮች የተፈጠሩት የአንዱ ሥራ ከሌላው በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ ባለቤት የለውም። ማን ለማን በስንት ቮልት፣ ቁጥሩን በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደሚያስረክብ አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት። ሰዓቱንም አትርሱ። ጂፒኤስ የሚሰጠው የግሪንዊችን ነው፤ ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ይቀመጥ፣ ተሳፋሪ የሚያየው ላይ 3 ሰዓት ቀንሱ። 5፡00 ሲል በእኛ ከጠዋቱ 2፡00 ነው። 3 ደምራችሁ 8፡00 ብላችሁ ካሳያችሁት ጠዋት የቆመ ተሳፋሪ ባጃጇ ከምሳ በኋላ የምትመጣ ይመስለዋል።