የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለአሮጌዋ ጎልድ ዊንግ የትኛው ካርቡራተር ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። የ1982 (በፈረንጅ) ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ኢንተርስቴት ሞተር ሳይክል፣ 1100ዋን፣ ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ገዛሁ። ሦስት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ቆማ ነበር። ቾክ ስስብ ትነሳለች፣ ቾኩን ስመልሰው ትጠፋለች። ሚኒሞ የሚባል ነገር የላትም። ቤንዚን ሰጥቼ ዙሯን ከፍ ካደረግሁት ግን ትሄዳለች። ያሳየሁት መካኒክ ሳይከፍተው «አራቱም ካርቡራተር አልቋል፣ ቀይር» አለኝ። የ1200 ጎልድ ዊንግ ካርቡራተር በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ትልቅ ስለሆነም ጉልበት ይጨምርላታል ብዬ አሰብኩ። ይገጥማል? ጓደኛዬ ደግሞ «አራቱን አውጥተህ አንድ የቮልስ ካርቡራተር ግጠምላትና ተገላገል» ይለኛል። እስቲ ይምከሩኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የ1200ዋን ካርቡራተር አትግዛ። ምናልባት ምንም መግዛት አያስፈልግህም።

የነገርከኝ ምልክት እኮ ራሱ ይናገራል። ቾክ ሲሳብ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ስለዚህ ትነሳለች። ቾኩ ሲመለስ ሞተሩ የሚኖረው በሚኒሞ ጄት፣ ማለትም ቤንዚን በልክ በምታሳልፈው ቀዳዳ ያላት ትንሽ ናስ፣ በኩል በሚያልፈው ቤንዚን ብቻ ነው። የዚያ ጄት ቀዳዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሦስት ዓመት የቆመ ቤንዚን ሲተን ከሥሩ እንደ ማር የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይተዋል፣ በመጀመሪያ የሚደፈነው ደግሞ ይሄ ቀዳዳ ነው። ዙሩ ከፍ ሲል ሥራውን የሚረከበው ሰፊው ዋና ጄት ነው፣ እሱ ስላልተደፈነ ትሄድልሃለች። ይሄ መደፈን ነው። አልቋል አይባልም። ሳይከፍቱ «ቀይር» ማለት በጣም የሚያናድደኝ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ስንት ደህና ካርቡራተር በዚህ ቃል ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል።

አሁን ስለ ትልቅነቱ። የመጀመሪያዋ ጎልድ ዊንግ፣ 1000ዋ፣ በ1975 ስትወጣ ጉሮሯቸው (አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ) 32 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ኬሂን የሚባል ፋብሪካ የሠራቸው አራት ካርቡራተሮች ነበሯት። በ1978 ሆንዳ ወደ 31 አወረደው። በ1980 ያንተዋ 1100 ስትመጣ ሞተሩ 1085 ሲሲ ሆነ፣ ካርቡራተሩ ግን 30 ሚሊ ሜትር። ሞተሩ እያደገ ጉሮሮው ጠበበ ማለት ነው። ይሄ ታስቦበት የተደረገ ነው። ጉሮሮው ሲጠብ አየሩ ፈጥኖ ያልፋል፣ ቤንዚኑን አድቅቆ ይበትነዋል፣ ስለዚህ ሁለት ሰውና ሦስት ሳጥን ዕቃ የጫነች ሳይክል ከዝቅተኛ ዙር ሳትንገጫገጭ ትነሳለች። ለረጅም መንገድ የተሠራች ሞተር ሳይክል የምትፈልገው እሱን ነው። ከ1984 እስከ 1987 የነበረችው 1200 ወደ 32 ተመልሳለች፣ ሞተሯ ግን 1182 ሲሲ ነው። ማስገቢያ ቧንቧው፣ ማያያዣ ጎማው፣ ጄቱ ሁሉ የተለካው ለእሷ ነው። ያንተ ላይ በግድ ብታስቀምጠው እንኳ ሚኒሞ ስትፈልግ ወራት ያልፍሃል።

ስለዚህ አሁን የምታደርገውን ልንገርህ።

በመጀመሪያ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ በቾክ አስነሳትና አንድ ደቂቃ ያህል ተዋት። ከዚያ በእያንዳንዱ የጭስ ቧንቧ ላይ፣ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ፣ ጥቂት የውሃ ጠብታ ጣል አድርግ። ጭስ እያለ የሚተነው የሚሠራው ሲሊንደር ነው። ውሃው ዝም ብሎ የሚወርድበት ሲሊንደር ካለ ጥፋቱ እዚያ ነው። ቁጥራቸውን ያዝ፦ የቀኙ ፊተኛ 1፣ የግራው ፊተኛ 2፣ የቀኙ ኋለኛ 3፣ የግራው ኋለኛ 4። የማይሠራው ላይ ካንዴላውን ለውጠህ ሞክር፣ ኮምፕሬሽኑንም አስለካ። ኮምፕሬሽን የሌለው ሲሊንደር ካለ አዲስ ካርቡራተር ምንም አያደርግለትም። እግረ መንገድህን ከፊት ያሉትን ሁለቱን የታይሚንግ ቀበቶዎች ጠይቅ፣ መቼ እንደተለወጡ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ዛሬውኑ ይለወጡ። እነሱ ከተበጠሱ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ያኔ ስለ ካርቡራተር ማውራቱ ያበቃል።

ቀጥሎ ሰልባትዮውን እይ። ከጉልበትህ መሀል ያለው ታንክ የሚመስለው ነገር ቤንዚን አይዝም፣ እውነተኛው ያለው ከመቀመጫው ሥር ነው። በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከት። ዝገት ካለ ካርቡራተሩን ብታጥበውም በሳምንቱ ተመልሶ ይደፈናል። የቤንዚን ፊልትሮውን ለውጥ፣ የቆየውንም ቤንዚን አውጣ። አሜሪካ ውስጥ ከምትቀዳው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፣ ኤታኖል ደግሞ ውሃ ይስባል፣ ለሚቆም ሳይክል ጥሩ አይደለም።

ከዚያ አራቱን ካርቡራተር እንደተያያዙ ማውረድ ነው። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፍ። አንዱን ከፍተህ፣ አጥበህ፣ ገጥመህ ስትጨርስ ወደ ሁለተኛው እለፍ። አራቱን ባንዴ አትበትን! ይሄን አጥብቄ የምልህ በምክንያት ነው። በዚህች ሳይክል ካርቡራተር ውስጥ ያለው ተንሸራታች ፒስተን (የሞተሩ ፒስተን አይደለም) እንደ ብዙዎቹ በስስ ጎማ የሚሠራ አይደለም። ብረት በብረት ውስጥ ነው የሚንሸራተተው። እያንዳንዱ ፒስተን ከራሱ ክዳን ጋር ተለክቶ የተሠራ ነው። የ1ኛውን ክዳን 3ኛው ላይ ካደረግህ ወይ ይይዛል ወይ አየር ያሳልፋል። ሙከራው ቀላል ነው፦ ፒስተኑን ክዳኑ ውስጥ አስገባና የአየር ቀዳዳውን በጣትህ ድፈን፣ ከዚያ ፒስተኑ ወደ ታች እንዲሆን አድርገህ ልቀቀው። በቀስታ፣ እየተጎተተ መውረድ አለበት። ዱብ ካለ አየር ያሳልፋል። ጭራሽ ካልወረደ ቆሽሿል ወይም ተጭሯል ማለት ነው።

ጄቶቹን በሽቦ አትውጋቸው። ናስ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ አይመለስም። በማጽጃ ዘፍዝፈህ በኮምፕሬሰር አየር ንፋበት፣ ከዚያ ወደ መስኮት አቅጣጫ ይዘህ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ተመልከት። ክብ ብርሃን ካየህ ተከፍቷል። አንድ ጊዜ እኔ ቸኩዬ በርካሽ የጥገና ዕቃ ኪት የመጡ ጄቶችን ገጥሜ ነበር፣ የተጻፈው ቁጥር ከድሮው ጋር አንድ ነው፣ ሞተሩ ግን ከቀድሞው ይብስ ጥቁር ጭስ አወጣ። የድሮዎቹን አጥቤ ስመልሳቸው ተስተካከለ። ከኪቱ ውስጥ ኦሪንጉንና ጎማውን ተጠቀም፣ ናሱ ግን የራሱ የፋብሪካው ይሁን። ሲገጠም ማያያዣ ጎማዎቹ ደርቀው እንደሆነ ለውጣቸው፣ በመጨረሻም አራቱን በቫኩም ጌጅ፣ ሞተሩ በእያንዳንዱ በኩል አየር የሚስብበትን ኃይል በሚለካው መሣሪያ፣ እኩል አድርጋቸው። ያለ ጌጅ በጆሮ እሞክራለሁ አትበል፣ አራት ናቸው።

ታዲያ መቼ ነው መቀየር ያለበት? አካሉ ከተሰነጠቀ፣ ከካርቡራተሩ ሥር ያለው ትንሽ የቤንዚን መያዣ ውስጥ ነጭ ዝገት አልሙኒየሙን በልቶ ጉድጓድ ካወጣ፣ የቪቴው ጥርስ ካለቀ። ያኔ የምትፈልገው የ1100ዋን ነው፣ ማለትም ከ1980 እስከ 1983 ከተሠሩት፣ ቢቻል የራሷን የ1982ቱን። ሻጩ «የ82 ናት» ቢልህ በቃሉ አትመን፣ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ጠይቀው። ከ17ቱ ውስጥ 10ኛው ፊደል ዓመቱን ይናገራል፦ ቢ ከሆነ 1981፣ ሲ ከሆነ 1982፣ ዲ ከሆነ 1983። ቀጥሎ በካርቡራተሩ አካል ላይ የተመታውን የኬሂን ቁጥር ከራስህ ጋር አስተያይ። አራቱንም እንደተያያዙ፣ ከነማገናኛ ዘንጋቸውና ከነቾክ ሊቨራቸው ግዛ፣ ምክንያቱም አራቱ ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉም፣ የግራው በቀኝ ቦታ አይገባም። አንድ ጊዜ አንድ ሻጭ አራት ለየብቻ የተሰበሰቡ ካርቡራተሮችን አንድ ላይ አስሮ ሸጦልኝ፣ ከፍቼ ሳይ ቤንዚኑን የሚመጥኑት መርፌዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ።

ደስ የሚለው ነገር አገሩ ላይ ነህ። ሆንዳ ጎልድ ዊንግን በ1980 ሜሪስቪል ውስጥ መሥራት ጀምሮ ነበር፣ ከአንተ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። የሻንሲ ቁጥርህ በ1ኤችኤፍ የሚጀምር ከሆነ ያንተዋም አሜሪካ ውስጥ የተሠራች ናት። በዚያ አካባቢ ያሉትን የድሮ ሞተር ሳይክል መበለቻ ቦታዎች ዙር፣ በእጅህ ዳስሰህ መግዛት ከፎቶ ይሻላል።

የቮልሱን ነገር ጓደኛህ ከምንም ተነስቶ አላመጣውም፣ ጎልድ ዊንግ ላይ ሶሌክስ ወይም ዌበር የተባለ ነጠላ ካርቡራተር የገጠሙ ብዙ ሰዎች አሉ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ቮልስ ስንት ዘመን እንደሠራ መንገር አያስፈልግም፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን የቮልስ ማስገቢያ ቱቦ ሥር ከጭስ የሚመጣ ትኩስ አየር የሚያልፍበት ቀጭን ቧንቧ አለ፣ ረጅሙን ቱቦ የሚያሞቀው እሱ ነው። ጎልድ ዊንግ ላይ እሱ የለም። አንድ ካርቡራተር መሀል አስቀምጠህ ቤንዚኑን በረጅም ቀዝቃዛ ቧንቧ ወደ አራት ሲሊንደር ስትልከው መንገድ ላይ ተመልሶ ጠብታ ይሆናል፣ ኦሃዮ ደግሞ ይበርዳል፣ ጉሮሮው ላይ በረዶ ይሠራል። እዚያ ሁሉ ድካም ከመግባትህ በፊት አራቱን አንድ ቅዳሜና እሁድ ስጣቸው።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት ነው የምጽፈው። የ1981 ቢኤምደብልዩ አር100 አርቲ ሞተር ሳይክል አለኝ። የቀኙ ካርቡራተር ተሰንጥቋል። አንድ ሰው ከ1990 አር100 አርቲ የወጡ ሁለቱንም ሊሸጥልኝ ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ይገጥማሉ አይደል?

መልስ፦ አይገጥሙም እህቴ። ስሙ አንድ ነው፣ ሞተሩ ግን በመሀል ተለውጧል። ያንቺ ዘመን አር100 አርቲ ቢንግ የተባለው ፋብሪካ የሠራው 40 ሚሊ ሜትር ካርቡራተርና 70 የፈረስ ጉልበት ነበራት። በ1987 ስትመለስ 32 ሚሊ ሜትር ቢንግና 60 የፈረስ ጉልበት ይዛ ነው። አካሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ፦ ያንቺው በ94/40 ይጀምራል፣ የሰውየው በ64/32። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የመጨረሻ ቁጥር የግራና የቀኝ ይለያያል፣ አንቺ የምትፈልጊው በተሰነጠቀው ላይ የተጻፈውን ራሱን ነው። ያገኘሽውን ከመግጠምሽ በፊት ክዳኑን ክፈቺና ጎማውን፣ ዲያፍራሙን፣ ወደ ብርሃን ይዘሽ በቀስታ ወጥረሽ እዪው፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ካለች በአዲስ ለውጪው፣ ለብቻው ይሸጣል።