ሴሪየም ምን ዳቦ ይሆናል ላሉሽ አጎትሽ

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከአጎትሽ ጋር ትኖሪያለሽ። የ3ኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነሽ፤ ፕሮጀክትሽ ሴሪየም ላይ ነው። የትራንስፖርት ብር የሚሰጡሽ አጎትሽ «ማንም የማያውቀው ብረት ምን ዳቦ ይሆንሻል? አካውንቲንግ ግቢ፣ ባንክ አስገባሻለሁ» ይሉሻል።

አጎትሽ ተሳስተዋል።

ሴሪየም ብርቅዬ ከሚባሉት ብረቶች ቢመደብም በምድር ቅርፊት ውስጥ የመዳብን ያህል አለ። ላይተር ካላቸው ድንጋዩን አሳዪያቸው። ሲፋቅ የሚወጣው ብልጭታ በአብዛኛው ሴሪየም ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲቃጠል ነው።

እንጀራ የሚሆንሽ ግን ሌላው ጠባዩ ነው። አራት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ሴሪየም ቢጫ ነው። አንድ ኤሌክትሮን ሲቀበል ሦስት ይሆንና ቀለሙ ይጠፋል። ነፍሰ ጡሮች የሚወስዱት የአይረን ክኒን ውስጥ ስንት አይረን እንዳለ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው፤ ኤሌክትሮኑን የሚሰጠው አይረኑ ስለሆነ፣ የፈሰሰው ሴሪየም መጠን የአይረኑን ይነግርሻል። ክኒኑን ፈጭተሽ በአሲድ ታሟሚያለሽ። ፌሮይን የሚባለውን ቀለም ጠቋሚ ጠብ ታደርጊበታለሽ፤ ይቀላል። ከዚያ ሴሪየሙን ከቢዩሬት፣ ልክ ከተጻፈበት ረጅም የመስታወት ቱቦ፣ ታንጠባጥቢያለሽ፤ ታይትሬሽን የሚባለው ይሄ ነው። ቀዩ አልሄድ ይላል። ድንገት አንዲት ጠብታ ትወርድና ፈዛዛ ሰማያዊ ይሆናል። ካሳለፍሻት እንደ አዲስ ነው። እኔ እዚሁ አቃቂ፣ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ 11 ዓመት ቢዩሬት ፊት ቆሜአለሁ። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ ደመወዝ ነው። ያቺን ጠብታ በትዕግስት የሚጠብቅ ሰው የትም ቦታ ይፈለጋል።

አጎትሽን ስለ ታክሲው ብር ከልብሽ አመስግኛቸው። ሙያሽን ግን በታክሲ ብር አልገዙትም። ሦስት ዓመት የለፋሽበትን ጥለሽ ከሀ ስትጀምሪ ወጪውን ማን እንደሚችለው ጠይቂያቸው። ባንኩም ቢሆን እስካሁን ቃል ብቻ ነው።

ስለ እንግሊዝኛሽና ስለ ውጭ ማስተርስም ጠይቀሻል። ለእንግሊዝኛሽ በየሳምንቱ አንድ የላብ ሪፖርት ጻፊ፣ ይሻሻላል። የውጭ ማስተርሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሥራ ልመጂ።

ቂሊንጦ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከሰፈርሽ ሩቅ አይደለም። ከዲፓርትመንትሽ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፊና ለክረምት ኢንተርንሺፕ ሄደሽ ጠይቂ። ሲቪሽ ላይ «ኬሚስትሪ» ብለሽ ብቻ አትለፊ። «በሴሪየም ታይትሬሽን የአይረን መጠን እለካለሁ» ብለሽ ጻፊ። ከመጻፍሽ በፊት ግን ሦስት ጊዜ ሠርተሽ፣ ሦስቱ ውጤቶች መቀራረባቸውን እዪ።