ለሚቸኮልባችሁ ልጆች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሕዝብ በመቁጠር ሥራ ላይ ነው። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ ኢትዮጵያ ኤርትራን ጨምሮ 42 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ነበራት፤ በ1999ኙ ቆጠራ ወደ 74 ሚሊዮን ተጠጋች። ምክንያቱን ስትጠየቁ ብዙዎቻችሁ «ሴቶች ብዙ ስለሚወልዱ ነዋ» ትላላችሁ። ስንት እንደሚወልዱ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚጀምሩም ጠይቁ እንጂ።

እናት በ17 ዓመቷ ወልዳ፣ ልጇም የልጅ ልጇም በ17 ከወለዱ፣ በ100 ዓመት ውስጥ ስድስት ትውልድ ሊሞላ ምንም አይቀረው። በ25 ቢሆን አራት ነው። የልጆቹ ብዛት እኩል ቢሆን እንኳ የቸኮለው ቤት ሕዝብ ቶሎ ይበዛል። በ2008 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ እስከ 17 ዓመት ገደማ ድረስ አግብተው ነበር።

ዕድሜ የሚባለውን ነገር ግን ደፍራችሁ አትመኑ። በ1987ቱ ቆጠራ ጎጃም ውስጥ አንዲት እናት፣ ባለቤቷ አጠገቧ ቆሞ፣ ስለተዳረችው ልጇ «አሥራ አምስት ሞልቷታል» አለችኝ። ያኔ ሕጉ ለሴት የሚፈቅደው 15 ነበር። መቼ እንደተወለደች ብጠይቃት «ደርግ በገባ በስምንተኛው ዓመት» አለች። ጣቴን እያጠፍኩ ብቆጥር አሥራ ሦስት። የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ዕድሜውን 18 ሲያደርገው የሰዉም መልስ አብሮ 18 ሆነ።

ሁሉንም በጋብቻ ዕድሜ ማላከክም አያዋጣም። በዚያው የ2008 ጥናት የአማራ ክልል ሴቶች ከሶማሌ ክልል ሴቶች ቀድመው ያገባሉ፤ የሚወልዱት ግን በአማካይ 3.7 ሲሆን በሶማሌ 7.2 ነው። በአማራ ክልል ካገቡት ሴቶች ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የሚቀራቸው ዘመናዊ የእርግዝና መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ በሶማሌ ከመቶ ሁለት አይሞሉም ነበር። መርፌውና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው መከላከያ የቸኮለውን ሰርግ በከፊል ያካክሱታል ማለት ነው። በልጅነቷ የተዳረችዋን ልጅ ትምህርት ግን አይመልሱላትም።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በዚያው ጥናት ግማሾቹ ሴቶች ያገቡት እስከ 24 ዓመት ገደማ ድረስ ነበር፤ አንዲት ሴት የምትወልደውም በአማካይ 1.8 ብቻ፣ ወላጆቹን እንኳ የማይተካ። ይህን እንደ ድል የሚያወሩ ባልደረቦች ነበሩኝ። እኔ አብሬ አላጨበጭብም። ስንቱ ነው ሥራ አጥቶ፣ የቤት ኪራይ አስሮት የዘገየው! ፈልጎ መቆየትና አጥቶ መቆየት ለየቅል ናቸው፤ ሰንጠረዡ ላይ ግን አንድ ረድፍ ውስጥ ይገባሉ።

ስለዚህ ሴቶች ልጆቼ፣ የአገሩን የሕዝብ ቁጥር እናንተ ትከሻ ላይ የሚጭነውን አትስሙት። የምትቆዩ ከሆነ ለራሳችሁ ብላችሁ ቆዩ። «ቆሞ ቀር» የሚላችሁ ሰው ምጡንም አያምጥላችሁም፣ ልጁንም አያሳድግላችሁም።

ወንዶቹም ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት የልጅቷን ዕድሜ ከአጎቷ ሳይሆን ከእሷው ስሙ፤ ስንት ልጅ፣ በስንት ዓመት ልዩነት የሚለውንም ያኔውኑ ተነጋገሩ። ሴት ልጅ ስትወልዱ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቧት፣ የልደት ምስክር ወረቀቷንም አውጡላት። ነፍስ ስታውቅ ወረቀቱን ለራሷ ስጧት።